ማዕበሉ አላስተኛ አለን

ጥር 14፣ ሐሙስ

ይህ ደብተር የተገዛው ለማርክ መያዣ ነበር። ማርኩ ይቆየው።

ዛሬ አባባን ዓይን ሐኪም ዘንድ አስገባኋቸው። በማለዳው ሚኒባስ ከደብረ ወርቅ ወደ ማርቆስ መጡ፤ እኔም ሁለት ክፍለ ጊዜ አስፈቅጄ መናኸሪያ ጠበቅኋቸው። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። አስተምሬው ይሆን እያልሁ ሳየው መሣሪያውን ከዓይናቸው አነሣና ፊቱ ተለወጠ። የዓይን ግፊት ነው አለ። የግራው አብዛኛው ሄዷል፤ የቀኙም ከዳር ከዳር ተበልቷል። «የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ማቆየት ይቻል ይሆናል» ብሎ ጠብታ ጻፈ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ስንወጣ ለብቻዬ ጠራኝና «እናቴ፣ ሳይቋረጥ ነው» አለኝ። እናቴ ማለቱ ከነከነኝ። ገና አርባ ስድስት ዓመቴ ነው።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ሻይ ቤት ገባን። አባባ ሰባ አራት ሞልቷቸዋል፤ ከዚህ ውስጥ አርባውን ዓመት ቅኔ አስተምረውበታል። የኔታ አካለ ወልድ ሲባል በዚያ አገር የማያውቃቸው የለም። ተማሪዎቹ ከበው ይቀመጣሉ፣ እሳቸው ይዘርፋሉ፣ ልጆቹ ይቀበላሉ። መጽሐፍ አይገለጥ፣ ሰሌዳ አይጻፍ፤ ሁሉ በቃል ነው። ስለዚህ ዓይናቸው ቢደክምም ሥራቸው አይጎድልም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

«ሰሞኑን ምን እያስተማርሽ ነው?» አሉኝ።

«ውቅያኖሶችን።»

«አይተሽዋል?»

«የት አይቼ አባባ! በካርታ ነው እንጂ።»

«ስንት ዓመት አስተማርሽ?»

«ሃያ አንድ።»

ሻያቸውን ፉት አሉ። «ሳታይው!» አሉ። ከዚያ ሚኒባሱ ሞላ፣ ተነሡ።

አባባ ባሕር ማየት ይፈልጋሉ። ጣናን ሳይሆን ትልቁን። ዓይናቸው ጨርሶ ሳይደክም አሳያቸዋለሁ። ማንንም ሳላማክር ወሰንሁ፤ እንዲህ የወሰንሁበት ጊዜ ትዝም አይለኝ።

ጥር 17፣ እሑድ

ወንድሜ ጌቱ አዲስ አበባ ነው ያለው። ደወልሁለት።

«ሽማግሌ ሰው ባሕር ምን ያደርግለታል? ጠበል ውሰጃቸው እንጂ» አለ።

«ማየት ይፈልጋሉ።»

«እሳቸው ናቸው ያሉት?»

«አዎ።»

«በሉ፣ እዚህ ከደረሳችሁ አየር ማረፊያ የማደርሳችሁ እኔ ነኝ» አለ። ጌቱ እንዲህ ነው፤ ተከራክሮ ይሸነፋል፣ ከዚያ መኪና ያቀርባል።

ጥር 18፣ ሰኞ

ፍቅርአዲስን አማከርሁ። የትምህርት ቤታችን እንግሊዝኛ መምህርት ናት፤ ለሥልጠና ሞምባሳ ደርሳ መጥታለች። ለኬንያ ቪዛ አንጠየቅም፣ አውሮፕላኑም በቀጥታ ይሄዳል አለችኝ። ከሞምባሳ ወደ ደቡብ ዲያኒ የምትባል ከተማ አለች፤ አሸዋዋ ነጭ ነው። ሦስት ሌሊት በቂ ነው። ማረፊያ የሚያሳየውን መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። «ዲያኒ» ብዬ ብጽፍ መቶ ሰላሳ ስምንት ማረፊያ ዘረገፈልኝ።

ከመቶ ሰላሳ ስምንት አንዱን መምረጥ። ቀላል ነው ብዬ ነበር።

ጥር 24፣ እሑድ

ደብረ ወርቅ ውዬ መጣሁ። የማረፊያዎቹን ሥዕል ለአባባ አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠግተው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ «ይህ ሰማያዊው ነው ውሃው?» አሉ። አዎ አልኋቸው። «ብዙ ነው!» አሉ። ደስ አለኝ።

ከሁሉ የወደድሁት ባለ ሦስት ፎቁን ነው። ከላይ ያለው ክፍል ግድግዳው በሙሉ መስተዋት ነው፤ ከአልጋ ሳይነሡ ባሕሩ ወለል ብሎ ይታያል። ይህንኑ ስነግራቸው «መስኮቱ ይከፈታል?» አሉኝ።

«አይከፈትም። ማቀዝቀዣ አለው።»

«እንግዲያ ድምፁ አይሰማማ።»

«ሌሊት ጸጥ ያለ ነው ይላሉ።»

«እም» አሉ። አክስቴ እማሆይ ወለተ ሚካኤል፣ ከመነኮሰች ጀምሮ አባባ ቤት ናት፣ «መኝታ ለመኝታ አገር ተሻግሮ መሄድ!» ብላ ሳቀችብን።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ባሕር ዳር፣ ለፓስፖርት። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተን ደረስን። ሰልፍ። ፎቶ። አሻራ። አባባ የሚፈርሙበትን ቦታ በጣቴ ነካሁላቸው። በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈታቸው ጀምረው መስመሩን አልፈው፣ ወረቀቱንም አልፈው፣ የመጨረሻዋን ፊደል ጠረጴዛው ላይ ጻፏት። ሠራተኛዋ ሳቀች፣ ሌላ ወረቀት ሰጠችን። ደክሟቸዋል። መንገዱ ያደክማል።

ወገቤ።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ከጾም በፊት እንሄዳለን ብዬ ነበር፤ ፓስፖርቱ አልደረሰም። በጾም ደግሞ አባባ ከደብራቸው አይነቃነቁም። «ከፋሲካ በኋላ» አሉኝ፤ አለቀ። በዚያ በኩል ብመለከት ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ለዚያ ባሕር ዳርቻ ዋናው የዝናብ ወቅት ነው። አስተያየት የጻፉ ሰዎች «በሚያዝያ አትሂዱ፤ ሰማዩ ግራጫ ነው፣ ባሕሩ ግራጫ ነው» ይላሉ። ይህንን ከሃያ አንድ ዓመት ጀምሮ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። የወቅት ነፋሳት፣ ምዕራፍ አምስት።

እና ቢያንስ ክፍሉ ጥሩ መሆን አለበት። ከአልጋ ላይ የሚታይ መሆን አለበት።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ክፍል «አንድ ብቻ ቀርቷል» ይላል። እሱን ሳይ አባባ ደወሉ። ጠብታው ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፣ ይመረኛል፤ ጠዋት ከቅዳሴ በፊት እንዴት ላድርገው አሉ። ጠዋት ይተዉትና ማታ ብቻ ያድርጉት አልኋቸው። እሺ አሉ። ስልኩን ዘግቼ ስመለስ ክፍሉን ሌላ ሰው ወስዶታል። ተናደድሁ።

የካቲት 22፣ እሑድ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስለ መጓጓዣ ሳነብ ዋልሁ፤ ሰባ የፈተና ወረቀት ሳይታረም። ከአየር ማረፊያው ዲያኒ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው ይላሉ። የሆቴሉ መኪና አለ፤ ሌሎች መንገደኞች እስኪሞሉ ያቆያል። ታክሲ አለ፤ መኪና በምታሻግር ትልቅ ጀልባ ያልፋል፣ ግን ወረፋ አለው። የግል መኪና አለ፤ በአዲሱ መንገድ ዞሮ ይሄዳል። አባባን ወረፋ ላይ ማቆም አልወድም። ታክሲ ላይ መከራከር አልችልበትም።

የግል ሾፌሮቹም አስተያየት አላቸው። አንዱ «ዝምተኛ፣ ሰዓት አክባሪ» ተብሏል፣ አምስት ኮከብ። ሌላው ሳሊም የሚባል ነው፤ «ሰውየው ደግ ነው፣ ግን መንገዱን በሙሉ አፉን አልዘጋም» ይላሉ፣ ሦስት ኮከብ። ዝምተኛው ይሻላል። ሁሉም ሰው ዝም ቢልልኝ ደስ ይለኛል በዚህ ሰሞን።

ፍቅርአዲስ መምህራን ክፍል ውስጥ «አንቺ ልትሄጂ ነው ወይስ ልትገዢው?» አለችኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

መጋቢት 6፣ እሑድ፣ ደብረ ዘይት

ደብረ ወርቅ። ሁለት ክፍል ለይቼ ነበር የሄድሁት፤ አባባ ይምረጡ ብዬ። ባለ መስተዋቱ እንደገና ተለቋል። ሌላው ትንሽ ዝቅ ያለ፣ በረንዳ ያለው።

ስልኩን ያዙና «ደግ ነው» አሉ። ቀጣዩን ሳሳያቸውም «ደግ ነው»። «የትኛው ይበልጣል?» ብላቸው ስልኩን ትንሽ አቆዩና «ይህኛው ደስ ይላል» አሉ። አየሁት፤ ስልኩ ጠፍቶ ነበር፣ ጥቁር ሆኖ። ባትሪዬ መቼም። የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ መልሼ አልጠየቅኋቸውም፤ ጾሙ አዳክሟቸዋል።

ጠብታውን ጠየቅኋቸው። «አደርጋለሁ፣ እንዳልሽው» አሉኝ።

እጄን ስታጠብ እማሆይን ሰማኋት። «እስከ መቼ ታደክማታለህ? ከሥዕሉ ምን ልታገኝ?» አለቻቸው። «ዝም በይ አንቺ» አሉ አባባ፣ ቀስ ብለው። ጉዞውን አለመውደዷ ነው። መነኩሲት ናት፤ ባሕር ዳር መዝናናት አይዋጥላትም። ብትናገረኝ ይሻል ነበር።

ጉባኤው ላይ ግን አባባን ለሚያያቸው! አንድ ተማሪ ቅኔውን ሲያቀርብ ሦስተኛው ቤት ላይ አቆሙትና «ተመለስ» አሉት። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። እንደ ድሮው ናቸው፤ ምንም አልጎደለባቸውም።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

መንገድ ተዘግቷል። ኢንተርኔት የለም። ሚኒባስ የለም። የአባባ ስልክም አይሠራም።

ደከመኝ። ምንም አልሠራሁም፣ ግን ደከመኝ።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

ኢንተርኔት ትናንት ማታ ተመለሰ። ዛሬ ያዝሁት። ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ መስተዋት፣ ከሚያዝያ 23 እስከ 26። «መሰረዝ አይቻልም» የሚለውን ሦስት ጊዜ አንብቤ ተጫንሁት። ዝምተኛውንም ሾፌር ያዝሁ። የሠራተኞች ቀን ዓርብ ስለሚውል ፈቃድ የምጠይቀው ለሐሙስና ለሰኞ ብቻ ነው።

ሁለት ወር ከአምስት ቀን ፈጀብኝ። ሰው በዚህ ጊዜ ቤት ይሠራል። ቢሆንም ደስ ብሎኛል፤ ዓይናቸውን ሲገልጡ ባሕሩ ፊታቸው ነው።

አዲስ ጫማ ገዛሁ። ሶሉ ለስላሳ ነው፣ ለአሸዋ።

ሚያዝያ 4፣ እሑድ፣ ፋሲካ

ማርቆስ ቀረሁ፤ መንገዱ የተከፈተው ዛሬ ከሰዓት ነው። ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ጨርሶ ተዘግቷል። ነገ በጠዋቱ እሄዳለሁ። ደውዬ እንኳ እንኳን አደረስዎ ማለት አልቻልሁም።

ሚያዝያ 5፣ ሰኞ

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በተራ ልጻፈው።

ሦስት ሰዓት ላይ ደረስሁ። የግቢው በር ክፍት ነበር። አባባ ከቤቱ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረዋል። ድምፅ ስለሌለኝ እጄን አውለበለብሁ። ዝም አሉ። ቀረብሁ። ሦስት እርምጃ ሲቀረኝ ቆምሁና ፈገግ አልሁ። አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ ነበር፤ እንዲያዩልኝ። ፊታቸው ፊቴ ላይ ነበር። ቀጥ ብለው እያዩኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወደ ጓዳ ተጣሩ፤

«እማሆይ! ማንጠግቦሽ ዛሬም አልመጣች?»

ከቆምሁበት አልተነቃነቅሁም። እማሆይ ወጣች፣ አየችኝ፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥሁና እጃቸውን ያዝሁ። ደነገጡ፤ ከዚያ ጣቶቼን ዳሰው አወቁኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባባ?» አልሁ በሹክሹክታ።

«ድምፅሽን ምን በላው?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

እማሆይ ናት የመለሰችው። «በደብረ ዘይት ስትመጪ እንኳ ጥላ ብቻ ነበር የሚለየው። ከሆሣዕና ወዲህ እሱም የለ።» ከዚያ እኔን ላለመክሰስ ወደ መሬት እያየች «የጠዋቱ ጠብታ ቀርቶ የማታውን ብቻ ነበር የሚያደርግ። መምህርቷ ልጄ ፈቅዳልኛለች አለኝ» አለች።

ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ብነግርሽ ትሰርዢው ነበር» አሉ።

ተማሪዎቹም አያውቁም። አርባ ልጅ በየቀኑ ፊታቸው ተቀምጦ እየዋለ አንዱም አላወቀ። አባባ በድምፃቸው ይለዩዋቸዋል፣ በቃል ያርሟቸዋል፤ ማን ምን ብሎ ይጠርጥር? የእነሱስ ይሁን። የኔ ግን ምን ይባላል?

የካቲት 13 የጻፍሁትን አውጥቼ አነበብሁት። አራት መስመር ነው። የተናደድሁት ክፍሉ ስለተወሰደብኝ ነው።

ሚያዝያ 7፣ ረቡዕ

ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኋቸው። ብዙ አልፈጀበትም። እሳቸው ውጭ ሲጠብቁኝ ጠየቅሁት፤ ጠብታው ባይቋረጥ ኖሮ ይተርፉ ነበር?

«ልነግርዎ አልችልም። በሽታው ገፍቶ ነበር የመጡት። ሊያዘገየው ይችል ነበር፤ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም።»

«ሳይቋረጥ ብለውኝ ነበር።»

«ብዬዎት ነበር» አለ፣ ያለ ቁጣ።

ስለ ጾሙ ነገርሁት። መድኃኒቱ ጉሮሮ ስለሚወርድ መሆኑን። ሐኪሙ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «የንስሐ አባታቸው ቢጠየቁ ኖሮ... ደግሞ እኮ አይወርድም ነበር» አለና አሳየኝ። ጠብታውን ካደረጉ በኋላ የዓይንን ጥግ፣ በአፍንጫ በኩል፣ በጣት ጫን አድርጎ ሁለት ደቂቃ መያዝ ነው። በቃ።

አንድ ጣት። ሁለት ደቂቃ። እኔ ለአንድ መስኮት ሁለት ወር ጠፋሁ።

ሚያዝያ 8፣ ሐሙስ

ድምፄ ትንሽ ተመልሷል። ለአባባ ደወልሁና ጉዞውን ልሰርዘው ነው አልኋቸው።

«ለምን?»

«ለምን ይሉኛል እንዴ! ባሕር ላሳይዎ ነበር እኮ።»

«እኔ መቼ አሳዪኝ አልሁሽ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርሁ።

«ያላየሽው አንቺ ነሽ። እኔ የገረመኝ ያ ነው። ልጅ ሳለሽ የጣናን ዳር ስትሥይ ማዶውን አትሥይም ነበር፤ ሰፊ ነው ትይኝ ነበር። ረሳሽው?» ረስቼዋለሁ። «አሁን ቀረሁ ብትዪ ዓይኔ አይመለስ። ደግሞ ለተማሪዎች ዕረፍት ሰጥቻለሁ፤ የኔታ ፈሩ ይሉኛል።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ኋላ ገለጥሁ፣ ጥር 14። እውነታቸውን ነው። ያሉት «አይተሽዋል?» ነው፤ ከዚያ «ስንት ዓመት አስተማርሽ?»፤ ከዚያ «ሳታይው!»። አባባ ባሕር ማየት ይፈልጋሉ የሚለውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ለጌቱም አዎ ያልሁት እኔ ነኝ።

ማልቀስ አምሮኝ ነበር። ፈተና ላርም ተቀመጥሁ።

ሚያዝያ 10፣ ቅዳሜ

ባለ መስተዋቱን ሰረዝሁ። የከፈልሁት አይመለስም፤ ይቅር።

እንደገና መምረጥ ጀመርሁ፣ በዚህ ጊዜ ግን ከታች ወደ ላይ፤ ሰው ያማረረባቸውን ብቻ አነበብሁ። ቆሻሻ ነው የተባለውን ተውሁ፣ ሩቅ ነው የተባለውን ተውሁ። አንዲት የእንግዳ ማረፊያ አገኘሁ፤ አምስት ክፍል ያላት፣ አንዲት ባልቴት የሚያስተዳድሯት፣ ምድር ቤት፣ ደረጃ የሌላት። ነጥቧ ዝቅተኛ ነው። ባልና ሚስት የጻፉት እንዲህ ይላል፤ «ውሃው ከበሩ ሃያ እርምጃ ብቻ ነው። መስኮቱ አይገጥምም። ማዕበሉ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛ አለን። ለማንም አንመክርም።»

ለመያዝ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ዝምተኛውንም ሾፌር ይቅርታ ጠይቄ ሳሊምን ያዝሁ። በጀልባው ያሻግረን እንደሆነ ጠየቅሁት። «እማማ፣ ጀልባውንማ እንዴት ትተዋለሽ!» ብሎ የድምፅ መልእክት ላከልኝ፤ አራት ደቂቃ ይረዝማል።

ሚያዝያ 22፣ ሐሙስ

ሌሊት ተነሥተን በአውቶቡስ ወረድን። ደጀን ላይ ለሁለት ሰዓት ቆመናል። በረሃውን ስንወርድ አባባ «ሞቀ፤ ዓባይ ደረስን» አሉ። ጌቱ ቤት አድረናል። ጌቱ የአባባን ፊት አይቶ ጓዳ ገባና ለረጅም ጊዜ አልወጣም።

ሚያዝያ 23፣ ዓርብ

ጌቱ አየር ማረፊያ ድረስ አደረሰን። አውሮፕላኑ ሲነሣ አባባ እጄን ጨበጡ። «ጆሮዬ ተዘጋ» አሉ። ጆሯቸው ለሳቸው ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ሲዘጋ ፈሩ። ማር ከረሜላ ሰጠኋቸው፣ ተከፈተላቸው።

ሳሊም ስማችንን በካርቶን ጽፎ ጠበቀን። አፉ በእውነት አይዘጋም። የማንጎውን ዛፍ፣ የአጎቱን ሠርግ፣ መንገድ ዳር የቆመችውን ላም ሳይቀር ይናገራል፤ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። አባባ «ምን አለ? ምን አለ?» ይሉኛል። ዓይን የሌለው ሰው ቢመርጥ ከዚህ የተሻለ ሾፌር አያገኝም። ጀልባው ላይ ከመኪናው ወርደን የዳሩን ብረት ተደግፈን ቆምን። ሞተሩ ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይጮኻል፣ ነፋሱ ጨው ጨው ይላል። አባባ ከንፈራቸውን ላሱና «ባሕሩ በአፍ ገባ» አሉ።

ለመመለሻው ቀጠሮ ስንይዝ ሳሊም በቋንቋው ሦስት ሰዓት አለኝ። እኔ ሳሰላ፣ ሳሰላ፣ ለካ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከጎሕ ጀምረው ነው። ሁለት ወር ሙሉ በየአስተያየቱ የተጻፈውን ሰዓት ስደምርና ስቀንስ የኖርሁትን!

ማረፊያዋ እንደተባለው ናት። መስኮቱ አይገጥምም። ባልቴቷ ማማ ዙሁራ አባባን በእጃቸው ይዘው ከበር እስከ አልጋ፣ ከአልጋ እስከ መታጠቢያ አንድ ጊዜ አዟዟሯቸው። አባባ እርምጃቸውን ቆጠሩ። ከእራት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ ማዕበሉ እየመጣ ሲመለስ፣ ነገርኋቸው።

«ያን ቀን ስለ ጠብታው ሲደውሉልኝ ልቤ እርስዎ ላይ አልነበረም። የሆቴል ክፍል ሳይ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ሌላ ነገር ስታዪ ድምፅሽ ይለያል።»

«ታዲያ ለምን መልሰው አልጠየቁኝም?»

ፊታቸውን ወደ ማዕበሉ አዞሩ። «ያን መልስ ፈልጌው ነበር» አሉ። «ሌላ ሰው ብጠይቅ ሌላ ይለኝ ነበር። ጾሙን አጉድዬ ከማስተምር ብዬ... እኔም አላወቅሁበትም። የራስሽን ውሰጂ፣ የኔን ለኔ ተዪልኝ።»

ይህ ይቅርታ እንደሆነ አላውቅም። የቀለለኝ ግን አለ።

ሚያዝያ 24፣ ቅዳሜ

ሲነጋ ይዘንብ ነበር። ሰማዩ ግራጫ፣ ባሕሩ ግራጫ፤ አስተያየት ሰጪዎቹ አልዋሹም። ጃንጥላ ይዤ፣ አባባን በክንዳቸው ይዤ ሃያዋን እርምጃ ሄድን። ሃያ ሦስት ናት አሉ። ጫማቸውን አወለቅሁላቸው። ውሃው መጥቶ እግራቸውን ሲነካ «ኧረ!» ብለው ወደ ኋላ ሊሉ አሉና ቆሙ። ሲመለስ ከሥራቸው አሸዋውን ይዞት ሄደ፤ ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

«በይ ንገሪኝ» አሉ። «ምን ይታያል?»

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማርሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ውሃ ነው አልኋቸው። ከቅርቡ ቡናማ፣ ራቅ ሲል አመድማ። ነጭ አረፋ ተራ ተራውን ይመጣል። አንዲት ትንሽ ጀልባ አለች። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ነው።

«ማዶውስ?»

«ማዶው አይታይም አባባ።»

«ዝናቡ ሲያባራስ?»

«ቢያባራም አይታይም። የማንም ዓይን አይደርስበትም።»

«አንቺም አታይው?»

«እኔም አላየው።»

«እንግዲያ እኩል ነን» አሉ። እጃቸውን ከእጄ አወጡና እርጥቡን አሸዋ ዳሰው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። «በይ ተቀመጪ።»

ጃንጥላውን አጥፌ ተቀመጥሁ። ማማ ዙሁራ ከበረንዳው ሁለቴ ጠሩን። አልተነሣንም።